የሬዲዮው ዋስ

የክንዱን መሞት ያወቅሁት የሽምብራ ቆሎ እየቆረጠምሁ ነው።

ግንቦት 1980 ነበር። የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ጓድ ካሴ ከፍኖተ ሰላም የመጣ ፖስታ ቀዶ ወረቀቱን ሰጠኝና «እስቲ አንብባት» አለኝ። ካሴ መሠረተ ትምህርት ተምሮ ሰርተፊኬት ተቀብሏል፤ በታይፕ የተመታ ያነባል። የእጅ ጽሕፈት ሲሆን ግን ያላበዋል። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ስለተማርሁ፣ በእኔ ቆጠራ ዐሥራ ሁለተኛ ጨርሻለሁ። ስለዚህ በቀበሌያችን የሚመጣ ወረቀት ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል።

ዐሥራ አንድ ስም ነበር። ሰሜን ጦር ግንባር የወደቁ የወረዳው ልጆች። ሰባተኛው ላይ «ክንዱ ገብረሰንበት» ይላል። አነበብሁት። ስምንተኛውንም አነበብሁ። እስከ ዐሥራ አንድ ሄድሁ። ከዚያ እጄን ኪሴ ከትቼ ሌላ እፍኝ ቆሎ አወጣሁ። ጣዕሙ አልተለወጠም። ይለወጣል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«ይኸ ወረቀት አልመጣም» አለ ጓድ ካሴ።

«እንዴት አልመጣም? በእጄ ይዤው!»

«አልመጣም አልሁህ! ሐምሌ ላይ ሌላ ምልመላ አለብን። አሁን ለቅሶ ካስነሣን ሱሪ የታጠቀ ሁሉ ዱር ይገባል። ኮታውን በምን ልሞላው ነው? በበቆሎ እሸት? ምልመላው ይለፍና ቄስና ሽማግሌ ይዘን በወጉ እናረዳለን።» ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተ። «አንተ ብትናገርም ባትናገርም ግድ የለኝ። ሙጬ ተናገረ ቢባል ማን ያምናል?»

እውነቱን ነው። ሙጬ እኔ ነኝ። ማንኩሳ ላይ ጉንፋን የያዘው ሬዲዮ አይቻለሁ፣ ባለቤቱ ዳማከሴ አሽቶ ቢጨምቅበት ሦስት ጊዜ አነጠሰና ድምፁ ተከፈተ ብዬ ለግማሽ አገር ያወራሁት እኔ ነኝ። የብር ወንዝ በክረምት ሞልቶ ዱባ ላይ ተቀምጬ ተሻገርሁ፣ ማዶ ስደርስ ዱባው አብቦ አገኘሁት ያልሁትም እኔ ነኝ። ሰው ይስቃል፤ ማመን ግን አያምንም። እኔም እንዲያምነኝ አልለመንሁም።

ያመኑኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ጥቅምት 1979 ላይ ለብሔራዊ ውትድርና ከቀበሌያችን ሰባት ሰው ተጠየቀ። የእኔ ስም ሁለተኛ ላይ ተጻፈ። ክንዱና እኔ በአንድ ቀን ክርስትና የተነሣን፣ በአንድ ማዕድ ያደግን ነን። ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር እንዶድ ለቅሞ አመጣልኝ።

«ይችን አኝክና ውደቅ» አለኝ። «አረፋ ትደፍቃለህ። የሚጥል በሽታ አለበት ብለው ይተውሃል።»

«አንተስ?»

«እኔማ የመበለት አንድያ ልጅ ነኝ፤ ማን ይነካኛል? ደግሞ በአንድ ቀን ሁለት ሰው ከወደቀ በሽታ መሆኑ ይቀርና ማኅበር ይመስላል።»

ሰው በተሰበሰበበት ወደቅሁ። አረፋው እኔን ራሴን አስደነገጠኝ። መዝጋቢው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ቄሶቹ «ጠበል! ጠበል!» አሉ፤ አንዲት ሴት ስለ እኔ አለቀሰች። ስሜ ተሰረዘ። አፌ ተልጦ ሁለት ሳምንት አጥሚት ብቻ ስጠጣ ከረምሁ። ኮታው ግን አንድ ሰው ጎደለው። በማግስቱ ክንዱን ከገበያ ሲመለስ መንገድ ላይ ያዙትና ሰባት ሞላ። አንድያ ልጅ ነው ተብሎ ቢነገራቸው፣ «እናት አገርም አንዲት ናት» አሉ።

ይኸን የማወራው አልቅሱልኝ ብዬ አይደለም። እኔም አላለቀስሁ።

እትዬ ገላነሽ የክንዱ እናት ናቸው። ባላቸው ገብረሰንበት ከሞቱ ወዲህ መሬታቸውን በየእኩል እያሳረሱ ክንዱን ያሳደጉ፣ እኔንም በጉርሻ ያሳደጉ ሴት። ሰኔ በገባ በሳምንቱ ቤቴ ድረስ መጡ።

«ሙጬ፣ ጊደሯን ሸጥኋት» አሉ፤ ገና ደጃፍ ላይ ሳሉ።

«ምነው? ምን ቸገረዎት?»

«ሬዲዮ እገዛለሁ።»

ድሮ ቢሆን ኖሮ ስለ ሬዲዮ አምስት ተረት አወርድላቸው ነበር። ወደ ውስጥ ገብተው መደቡ ላይ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ከወዲያ ማዶ ያሉት፣ የሚዋጉት፣ የማረኩትን ወታደር ስም በሬዲዮ ይጠራሉ አሉ። ከነአባቱ፣ ከነአገሩ። እኔ ከመጋቢት ወዲህ ደብዳቤ የለኝም። ልጄ ተማርኮ ይሆናል። አንተ የተማርህ ነህ፤ መርፌው የት ላይ እንደሚቆም ታውቃለህ። ፍኖተ ሰላም ትወስደኛለህ።»

በዚያች ሰዓት መናገር እችል ነበር ትሉ ይሆናል። አይቻልም። በእኛ አገር መርዶ ሥርዓት አለው። ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ የንስሐ አባትና ሽማግሌ ፊት ለፊት ይሄዳሉ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ካጥር ጀርባ ይቆማሉ፤ እናት ስትወድቅ የሚይዛት ሰው አስቀድሞ ይመደባል። ለብቻው ሄዶ የተናገረ ሰው መርዶ ነጋሪ አይባልም፤ ሟርተኛ ነው። ያውም እኔ! እኔ ብናገር እትዬ ገላነሽ በጥፊ መትተውኝ፣ «በዚህም ትቀልዳለህ?» ብለው ይሄዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሽማግሌዎቹ ቢመጡ እንኳ የሙጬ ቀልድ ነው ይሏቸው ነበር።

«እሺ» አልሁ።

በገበያው ቀን ማልደን ወጣን። ከእኛ ቀበሌ ፍኖተ ሰላም በእግር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። እትዬ ገላነሽ ብራቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ቋጥረው ከፊት ከፊት ይሄዳሉ። ጥቂት እንደሄድን፣ «እስቲ አንድ ውሸት አውራኝ፤ መንገዱ ይጠር» አሉኝ።

ጀመርሁ። «ቡሬ ላይ አንድ በሬ ነበር…» አልሁ።

«እሺ?»

«በሬው…» በሬውን ምን ላድርገው? ሰማይ ላስወጣው አልሁ፤ አልወጣም። ላናግረው አልሁ፤ አልተናገረም። ዝም ብሎ ቆሞ አየኝ። «አረሰ» አልሁ።

«በሬ አረሰ? ይኸ ምኑ ውሸት ነው?» ብለው ዞር ብለው አዩኝ። ከዚያ ወዲያ ውሸት አልጠየቁኝም።

ሬዲዮ ሻጩ ክንፈሚካኤል ይባላል። ከቋሪት ከገበዝ ማርያም የመጣ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ወረድ ብሎ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሬዲዮ የሚጠግንና ጠግኖ የሚሸጥ ሰው ነው። አፉ ከእጁ ይፈጥናል። ጠረጴዛው ላይ ሆዳቸው የተከፈተ ሬዲዮዎች ሽቧቸውን ዘርግፈው ተኝተዋል። ከመደርደሪያው አንድ ባለ ቆዳ ልብስ ጥቁር ሬዲዮ አውርዶ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና ከፈተው። የወታደር ማርሽ ሙዚቃ ወጣ።

«ይኸ ነው እናቴ! ይኸ እኮ ሬዲዮ አይደለም፣ ሰው ነው!»

«ሰውስ ይቀራል» አሉ እትዬ ገላነሽ። «ሩቅ ይሰማል ወይ?»

«ሩቅ? ከባሕር ማዶ ያስነጠሰ ሰው እዚህ ይማርህ ይሉታል።»

ሌላ ቀን ቢሆን ይኸ ሰውየ ወንድሜ ነው እል ነበር።

«ቢበላሽስ?»

«አንድ ዓመት ጋራንቲ አለው። ከዛሬ ሰኔ እስከ ሰኔ፤ ቢበላሽ አምስት ሳንቲም ሳልቀበል እሠራለሁ። ሃያ አምስት ብር ጣል ካደረጉልኝ ደግሞ ሁለት ዓመት እጨምርልዎታለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ ተኝተው ይደሩ!»

«ምን ምን ሲሆን ነው የምትሠራው?»

«ድምፁ ቢጠፋ፣ መርፌው አልዞር ቢል፣ ሽቦው ቢቃጠል።»

«ቢወድቅ?»

«የወደቀ የራስዎ ነው።»

«አይጥ ቢገባበት?»

«አይጥ…» ክንፈሚካኤል ጥቂት አሰበ። «አይጥ በመጀመሪያው ዓመት የእርስዎ ናት፤ በተጨመረው ግን በእኔ ይሁን።»

እትዬ ገላነሽ ወደ በሩ አዩ። ሰው አልነበረም። ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ።

«ልጄን ባይጠራውስ? ስሙን ባይጠራ፣ ይኸ ብልሽት ነው ወይ?»

ክንፈሚካኤል ገባው። እጁን ሰዶ ማርሹን ዘጋ። ሳቁ ከፊቱ ሄደ።

«እናቴ» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ የምጠግን ድምፁን ነው። ወሬውን የሚጠግን አልተፈጠረም።»

እትዬ ገላነሽ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ትክክል ነው እንደማለት። ሬዲዮውን አንሥተው እንደ ዶሮ ክብደቱን መዘኑት። ከዚያ ደግሞ ወደ ገበያ ልማዳቸው ተመለሱ።

«ዋሱ ማነው?»

«የምኑ?»

«የዚህ ሦስት ዓመት የምትለው ነገር።»

«ወረቀት እሰጥዎታለሁ። ማኅተም አለው።» ከጎማ የተቀረጸች ክብ ማኅተም አሳያቸው።

«ወረቀት አይዋስም» አሉ እትዬ ገላነሽ። «እኛ በሬ ስንገዛ ሻጩ ሰው ይጠራል። አይወጋም፣ አርሶ አይተኛም፣ የሌባ እጅ አልነካውም ብሎ ሰው ይቆምለታል። በሬው ከተኛ የምይዘው ያንን ሰው ነው። አንተ ነገ ሱቅህን ዘግተህ ቋሪት ብትገባ እኔ ወረቀት ይዤ ማንን ልይዝ ነው? ሰው ጥራ።»

«ኧረ እናቴ፣ እኔ እዚህ አገር ዘመድ የለኝ! ማንን ልጥራ?» ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። «ይኸ ልጅ ይዋሰኝ።»

«ሙጬ?» እትዬ ገላነሽ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። «ሙጬን ዋስ? ጅብ ለቁርበት ዋስ ሆነ አሉ!»

«እንግዲያው ይቅር፤ አንድ ዓመቱ ይበቃዎታል።»

ሳቃቸውን አቆሙ። በሩ አጠገብ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጡና መቀነታቸውን ፈተው ሃያ አምስቷን ብር ለብቻ ለይተው ጉልበታቸው ላይ አኖሯት። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ መናገር ጀመሩ።

«ይችን ብር ለጠቦት ያሰብኋት ናት። ክንዱ ሠላሳ ወሩን ሚያዝያ ላይ ይጨርሳል። ዛሬ ጠቦት ብገዛ ለፋሲካ ሙክት ይሆንልኛል፤ ሲገባ አርድለታለሁ። ልጄ ከገባ ደግሞ ሬዲዮ ቢበላሽ ምን ገዶኝ! አንድ ዓመቱ ሞልቶ ይተርፈኛል። ተማርኮ ከሆነ ግን ምርኮኛ ጦርነት ካላለቀ አይፈታም። አንድ ዓመት አይበቃም። ሁለቱን ልጨምር ይገባኛል። ጠቦቷን ከገዛሁ ይመጣል ብያለሁ። ወረቀቱን ከገዛሁ፣ ቆይ፣ ገና ነህ ብየዋለሁ ማለት ነው።» ቀና አሉ። «እናት ልጇን ገና ነህ ትላለች ወይ?»

ክንፈሚካኤል ብሎን መፍቻውን እያገላበጠ ቆመ።

ሒሳቡ ሦስተኛ መንገድ ነበረው። ለሦስተኛው መንገድ አንድ ዓመትም ሦስት ዓመትም፣ ጠቦትም ሬዲዮም አያስፈልገውም። ያንን መንገድ በዚያች ክፍል ውስጥ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። አውቄውም ምንም አልተሰማኝ። ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ብሎኖች እቆጥር ነበር፤ ዐሥራ አራት ነበሩ።

«ሙጬ፣ ና ወዲህ» አሉኝ።

ቀረብሁ።

«ዋስ ሁነኝ። ለእሱ አይደለም፣ ለእኔ ነው። በእኔ እጅ በልተሃል፤ እንዲያው ለሌላው ብትዋሽ ለእኔ አትዋሽም። እንደ ሙጬ ሳይሆን እንደ ዋስ ንገረኝ። ጠቦቷን ልግዛ ወይስ ወረቀቱን?»

ውሸት ፈለግሁ። መቼም ውሸት አጥቼ አላውቅም፤ ጠርቻት የማትመጣ ውሸት አልነበረችም። «ጠቦቷን ይግዙ፣ ባለፈው ሳምንት በሕልሜ ክንዱ ሙክት ሲገፍ አይቻለሁ» ማለት ይቻል ነበር። «ወረቀቱን ይግዙ፣ አንድ የቡሬ ወታደር ተማርኮ አየሁት ብሎኛል» ማለትም ይቻል ነበር። ሁለቱም ያማሩ ውሸቶች ናቸው። አፌን ከፈትሁ፤ እንደዚያ የእንዶድ ጊዜ የተላጠ መሰለኝ።

«ጠቦቷም ትቅር» አልሁ። «ወረቀቱም ይቅር።»

«ሬዲዮውስ?»

ዝም አልሁ።

አዩኝ። ብዙ አዩኝ። እኔ በዕድሜየ ለእትዬ ገላነሽ ያለ ዋዛ መልሼላቸው አላውቅም። ክረምት ነው ወይ ሲሉኝ እንኳ፣ የለም ሰማዩ አፍንጫውን እየተናፈጠ ነው የምል ልጅ ነኝ። ያን ቀን ግን ቃሌ ባዶዋን ወጣች፤ ልብስ አላለበስኋትም። ከዚህ ሌላ ምንም አላደረግሁም። አልተናገርሁም፣ ፊቴም የተለወጠ አይመስለኝም።

እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ካለችው ብር ላይ ቆመ። ውጭ አንድ ረዳት «ቡሬ! ቡሬ! አንድ ሰው!» ይላል። መኪናው አንድ ሰው አግኝቶ ሄደ። እትዬ ገላነሽ አሁንም እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። ይጮኻሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ ይወድቃሉ ብዬም ልይዛቸው አንድ እግሬን ወደ ፊት አድርጌ ነበር። አልወደቁም።

ተነሡ። ሃያ አምስቷን ብር ከሬዲዮው ዋጋ ጋር ደርበው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ጻፍ» አሉት ለክንፈሚካኤል። «ሦስት ዓመት ይሁን።»

«እናቴ፣ ልጁ ይቅር አለ እኮ…»

«ልጁ ምንም አላለም። ጻፍ።»

ጻፈ። እስከ ሰኔ 1983 ብሎ ማኅተሙን መታ። እትዬ ገላነሽ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ እኔ አዞሩት። «ስምህን አኑርበት። ዋስ ነህ።» ፈረምሁ። ስድስተኛ ክፍል ከተማርሁት ሁሉ የቀረኝ ፊርማዬ ቆንጆ ነው።

ስንመለስ ሬዲዮውን የተሸከምሁት እኔ ነኝ። ማንኩሳ ስንደርስ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ዛሬ ምንም አልነገርኸኝም» አሉ።

«ምንም አልነገርሁዎትም።»

«ለማንም አልነገርህም።»

«ለማንም።»

«በል፣ መንገዱ ይመሻል፤ እግርህን አንሣ» አሉ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ከዚያ በኋላ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እየሄድሁ ሬዲዮውን መክፈት ሥራዬ ሆነ። ያን ጣቢያ መስማት የሚያሳስር ነው፤ ስለዚህ እትዬ ገላነሽ ባዶውን የእህል ጎታ አስተኝተው ሬዲዮውን ከውስጥ አስቀመጡት። ሁለታችንም ጭንቅላታችንን ጎታው ውስጥ ከተን እንሰማለን። ከውጭ ያየን ሰው ጎታ የበላው ሁለት ሰው ይመስለው ነበር። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ዝናብ ሲሆን እንደ ምጣድ ላይ ሽምብራ ይንጣጣል። ከዚያ ስም መጥራት ይጀምራል። እገሌ እገሌ፣ ከሐረርጌ። እገሌ እገሌ፣ ከወለጋ።

የክንዱ ስም እንደማይጠራ እኔ አውቃለሁ። እሳቸውም ያውቃሉ። ማወቃቸውን አውቃለሁ፤ ማወቄን ያውቃሉ። ስም በተጠራ ቁጥር ግን እትዬ ገላነሽ ጎታው ውስጥ ሆነው፣ «እሰይ፣ የእናትህ አምላክ» ይላሉ። ለእያንዳንዱ። ለማያውቁት የከፋ ልጅ፣ ለማያውቁት የሲዳሞ ልጅ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ የጎጃም ልጅ ተጠራ፤ ከመራዊ ወገን። እትዬ ገላነሽ ክንዴን ያዙኝ።

«ጻፈው።»

«ምን ያደርግልናል?»

«ጻፈው አልሁህ! እናት የለችውም?»

ጻፍሁት። በገበያው ቀን እህል ነጋዴዎቹን ጠይቀው ወደ መራዊ የሚሄድ ሰው አገኙና፣ ለዚህ ልጅ እናት «ልጅሽ ውኃ እየጠጣ ነው» ብለህ ንገራት፣ ማን አለሽ ብትልህ አላውቅም በል ብለው ላኩበት። ሬዲዮ የሚል ቃል አልወጣቸውም። ከዚያ ወዲህ የጎጃም ሰው በተጠራ ቁጥር እጽፋለሁ፤ እሳቸው ይልካሉ። ነሐሴ እስኪያልቅ ዘጠኝ ስም ላክን። ዘጠኝ እናት። እኔ ደስ ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ብቻ ጻፍሁ።

የሐምሌው ምልመላ አለፈ። ጓድ ካሴ ኮታውን ሞላ። ዘመን ተለወጠ፤ በዓሉን አናበላሽ ተባለና መስቀልም አለፈ። ከመስቀል ቀጥሎ ባለው እሑድ ጎሕ ሲቀድ ጠሩኝ። የንስሐ አባታቸው አባ ወልደ ዮሐንስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጓድ ካሴ ፖስታውን በደረት ኪሱ ይዞ፣ ሁለት ሽማግሌዎች ከኋላ። ሴቶቹ ካጥሩ ጀርባ ቆመዋል። የሚይዛቸው ሰው ማን ይሁን ሲባል፣ «ሙጬ ይሁን፤ ልጃቸው ነው» ተባለ።

በሩን ሳንመታ ተከፈተ። እትዬ ገላነሽ ፊታቸውን ታጥበው፣ ነጠላቸውን በደንቡ ለብሰው ወጡ።

«እንደምን አደራችሁ» አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ አባ ወልደ ዮሐንስ፤ በክርስትና ስማቸውም ጠሯቸው። «ልጄ ወለተ ሐና፣ እንግዲህ ሁላችንም የአምላክ…»

«አባቴ፣ ይቆዩኝ።» እጃቸውን አነሡ። «የመጡበትን አይንገሩኝ።»

አባ ደነገጡ። አርባ ዓመት መርዶ ሲነግሩ እንዲህ ያላቸው ሰው የለም።

«ኧረ እትዬ ገላነሽ፣ እኛ እኮ…» አለ ጓድ ካሴ።

«አንተ አፍህን ያዝ! አንተ ወንድ ሲያስፈልግህ ጊዜ ገዝተሃል። ሰኔን፣ ሐምሌን፣ ነሐሴን ገዝተሃል። እኔም ገዝቻለሁ። ሃያ አምስት ብር ከፍየበታለሁ። እስከ ሰኔ ሰማንያ ሦስት ድረስ ልጄ ይጠራል ብዬ ማዳመጥ የእኔ ነው። ያኔ ሲያልቅ በዚችው ሰዓት ኑ። በወጉ እወድቅላችኋለሁ፤ በወጉ አለቅሳለሁ። ዋሴም ይኸው አብሯችሁ ቆሟል፤ ጠይቁት።»

ካሴ እጁ ደረት ኪሱ ላይ ደረሰና ቆመ። ከቆጠሩለት ወሮች በየትኛው ማፈር እንደጀመረ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ጆሮው ቀልቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እናት ያልተቀበለችው መርዶ ምን ይደረጋል? ለቅሶ አይጀመር፣ ተዝካር አይቆረጥ፣ ሰው አይጠራ። ይኸ በየትኛውም ሽማግሌ ዘመን አልተዳኘም።

አባ ወልደ ዮሐንስ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዋስ ነህ?»

«ነኝ።»

«በምን?»

«በሬዲዮው።»

ይቀልዳል ብለው ፊቴን አዩ። አልቀለድሁም። አጠገባቸው ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ካጥሩ ወዲያ አንዲት ሴት ማልቀስ ጀምራ አፏን ያዘች። ነጋ። የሰው ከብት መውጣት ጀመረ። ሴቶቹ ያዘቀዘቁትን ነጠላ እያስተካከሉ አንድ አንድ እያሉ ሄዱ፤ ጓድ ካሴም ፖስታውን ሳያወጣው ወረደ።

በመጨረሻ አባ ተነሡ። እትዬ ገላነሽ መስቀል ተሳለሙ።

«ሰኔ ሰማንያ ሦስት አልሽኝ፣ ወለተ ሐና?»

«አዎን አባቴ።»

«እኔ እስከዚያ አልቆይ ይሆናል» አሉ። «ለሚተካኝ እነግራለሁ።»

በትራቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። እትዬ ገላነሽ ቤት ገቡ፤ ወዲያው ደግሞ የበቆሎ መፈልፈያቸውን ይዘው ወጡና ሥራቸውን ጀመሩ። እኔ የምይዘው ሰው ስላልነበረ እጄን አንጠልጥዬ ቆሜ ቆየሁና አጠገባቸው ተቀምጬ እፈለፍል ጀመር።

ያን ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዐሥራ ዘጠኝ ስም ተጠራ። ሁለቱ የጎጃም ልጆች ነበሩ። ጻፍኋቸው።